የእንግዳው ጎድን

ሽብልቁ እስከ አንገቱ ገባ፤ ድንጋዩ ግን አልተሰነጠቀም። ቻላቸው መዶሻውን እንደገና አነሳና መምታቱን ትቶ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ወደ ሾላው ጥላ አየ። ታላቅ ወንድሙ አያ እንድሪያስ የማይታጠፈውን እግራቸውን ዘርግተው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

"ምነው ቆምክ?" አሉት። "ድንጋዩ ማረኝ አለህ?"

"አይ አያ፣ ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ ነው።"

ትንፋሽ አልነበረም ያስቆመው፤ ቃል ነበር። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ዓባይነሽ እስከ አጥሩ በር ተከትላው መጥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ "ዛሬ ንገራቸው፤ ከዛሬ አታሳልፈው" ብላዋለች። እሱም ለዚሁ ብሎ ነው ወንድሙን "ወረድ ብለው ነፋስ ይቀበሉ" ብሎ አባብሎ፣ ድንጋይ ወደሚፈልጥበት ወደ ገደሉ አፋፍ ያመጣቸው። እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ አይነገርም። ምድጃውም ይሰማል፣ ምሰሶውም ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቻላቸው ልጅ ሰብለ ዱርቤቴ ነው የተዳረችው፤ አሁን ወሯ ገብቷል። ለበኩር ልጅ ደግሞ በነሱ አገር የሚታረሰው እናት ቤት ነው። ጤና ጣቢያ ብትወልድ እንኳ አራስነቷን የምትጨርሰው እናቷ ጓዳ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ትመጣለች፤ አማቷም አብረዋት ይመጣሉ። ጓዳው አንድ ነው። በዚያ ጓዳ ከጥቅምት ጀምሮ የሚተኙት አያ እንድሪያስ ናቸው። ከጓዳው ወዲህ ያለው ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃና የጥጆች ጋጣ ነው፤ አልጋው ለአማቲቱ ይለቀቃል። ታዲያ ሽማግሌውን የት ያድርጓቸው? ጥጆቹ ጋ? አማች እያየ?

ዓባይነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህ ይታወቅላት። በጥቅምት፣ ዋርሳዋ በሰው ትከሻ ተደግፈው ሲገቡ፣ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ያጠበች እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም አላቋረጠችም። መላ የፈለገችውም እሷ ናት። ወንድሟ ዘመኑ ቡሬ ላይ እህል ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑን የሚጠብቅለት የታመነ ሰው ይፈልጋል። ማደሪያ አለው፣ ቀለብ አለው። ለማንም ቢነገር ደግ መላ ነው።

ቻላቸው ግን ይህን ለወንድሙ መንገር ከበደው። አባታቸው ሲሞት እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ያሳደጉት አያ እንድሪያስ ናቸው። በክንዳቸው ታቅፈው ነው ክርስትና ያስነሱት። እሱ ለማረስ ሲደርስ ደግሞ "መሬቱ ለሁለት ጎጆ አይሆንም፤ አንተ እናታችንን ያዝ" ብለው አባይን ተሻገሩ። ማዶ በቆሎ እየዘሩ አረጁ፤ ልጅ ሳይሰጣቸው ሚስታቸውን እዚያው ቀበሩ። ኋላ ክፉ ቀን መጣና ሁሉን ጥለው ቁልቁል ሲሸሹ እግራቸው ከገደሉ ላይ ተሰበረ። የሽንዲ ወጌሻ አሰረላቸው፤ ገጠመ፣ ግን ጠሞ ገጠመ።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ወደ ደጅ መውጣት ለእሳቸው ዘመቻ ነው። ጣሳ ይመታሉ፣ በርጩማ ይጥላሉ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ መቀርቀሪያውን ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ቻላቸው ዓይኑን ጨፍኖ ያንኮራፋል። ነቅቶ ቢያያቸው ያፍራሉ። በየማለዳው ይኸው ነው፤ ሽማግሌው ይዳብሳሉ፣ እሱ ያንኮራፋል።

"አያ…" አለ አሁን፣ መዶሻውን መሬት አስደግፎ።

"አቤት።"

ከላይ ጠጠር ተንከባለለ። የሴት ድምፅ ተከተለው።

"ጋሼ ቻላቸው! መንገዱን ማን ወሰደው?"

መምህርት ምሕረት ነበረች፤ ቡሬ ካምፓስ የምታስተምር፣ የድንጋይ ነገር የተማረች ልጅ። ቦርሳ አዝላ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን እየያዘች ትወርዳለች።

"ባጃጁስ?" አላት ቻላቸው። ቃሉን ለመዋጥ ሰበብ በማግኘቱ ፊቱ በራ።

"ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ 'ከዚህ በታች የፍየል ነው' ብሎ አወረደኝ።"

አያ እንድሪያስ ሳቁ። "ይቺ ናት ጎተራ የነቀለችው?"

"እሷ ናት።"

አምና በሰኔ ነው ምሕረት መጀመሪያ የመጣችው። ተማሪዎቿን ይዛ ድንጋይ ስትለቅም ውላ ውሃ ልትጠጣ ከቻላቸው ደጅ ገባች። ውሃውን ሳትጨርስ ጎተራው ሥር በሆዷ ተኛች። "አይጥ ነው የምትፈልገው?" ብላ ነበር ዓባይነሽ። ጎተራው የቆመው የሰው ጭን በሚያህሉ ድብልብል ረጃጅም ድንጋዮች ላይ ነው። ቻላቸው ከዚሁ ከገደሉ አፋፍ፣ ከአሸዋማው ድንጋይ መሃል እየፈለፈለ ያወጣቸው ናቸው። ሰው ሁሉ የዘንዶ ቁራጭ ይላቸዋል፤ ድሮ አንድ ጻድቅ የቆራረጠው ዘንዶ ነው ይባላል። ምሕረት ከመሃላቸው ጫፉ እንደ ቅል ያበጠውን መርጣ ለመነች። ቻላቸውም ድንጋዩን ሰጥቶ በቦታው የዋንዛ ግንድ ወተፈ። "ምን እንደሆነ አይቼ መጥቼ እነግርዎታለሁ" ብላው ነበር። የተማረ ሰው እንዲህ ሲል ስንቱ ይመለሳል? እሷ ግን መጣች።

"ዘንዶ አይደለም ጋሼ" አለች፣ ጥላው ሥር ተቀምጣ ጫማዋ ውስጥ የገባውን አሸዋ እያራገፈች። "ጉድጓድ ነው።"

"ጉድጓድማ ባዶ ነው። ያ ድፍን ድንጋይ አይደል?"

"በፊት ባዶ ነበር። እንስሳ ነው የቆፈረው፣ ወንዝ ዳር። ኋላ ጎርፍ መጣና ደለል ሞላው። ደለሉ ላይ ሌላ ደለል፣ ከዚያም ላይ ሌላ… ሲቆይ ድንጋይ ሆነ። ማሰሮ ውስጥ ጭቃ ቢደርቅና ማሰሮው ቢሰበር፣ ጭቃው የማሰሮውን ቅርጽ ይዞ ይቀር የለም? እንደዚያ ነው።"

"መቼ ነው ይኼ የሆነው?" አሉ አያ እንድሪያስ።

"በጣም ሩቅ ነው አባባ። ይኼ ገደል ራሱ ገደል ሳይሆን። ሰው ሳይኖር።"

"ከአዳም በፊት?"

ምሕረት ትንሽ አመነታች። "አራዊቱ ከአዳም ቀድመው አይደል የተፈጠሩት?"

"እሱስ ቀድመውታል" አሉ ሽማግሌው፣ ረክተው። "ቀጥይ ልጄ።"

ተነስታ ወደ ገደሉ ግድግዳ ሄደች። እዚያ ሌላ እንደዚያው ያለ ድብልብል ድንጋይ ግማሹ ተቀብሮ ግማሹ ወጥቶ ይታያል። የቻላቸውን እጅ ይዛ ድንጋዩ ላይ አሳረፈችው።

"ጣትዎን እዚህ ጋ ይስደዱት። ይሰማዎታል?"

ስንት ዘመን የፈለጠው ድንጋይ ነው፤ እንዲህ አድርጎ ዳብሶት ግን አያውቅም። ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ የልጅ ጣት የጫረው ይመስላል።

"ጥፍሩ ነው" አለች። "እየጫረ የገባበት። አሁን ከታች ይዳብሱት፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ ዝቅ ይላል። የሄዱበት ሁለት መንገድ ነው። ሲገቡና ሲወጡ እየተላለፉበት ነው እንዲህ የሆነው፤ ብቻውን የሚኖር እንስሳ አልነበረም። መግቢያው ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ይጠመዘዛል፤ ፀሐይ እንዳትከተለው። ጫፉ ደግሞ ይሰፋል፤ መኝታው እዚያ ነው። አያችሁ፣ አጥንት ብናገኝ የእንስሳውን መልክ ነው የሚነግረን። ጉድጓዱ ግን አመሉን ይነግረናል። ምን እንደሚፈራ፣ እንዴት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚያድር።"

"የኛንም ቤት አንድ ቀን ሲቆፍሩት ጉዳችን ሊወጣ ነው" አሉ አያ እንድሪያስ።

ምሕረት እየሳቀች ከቦርሳዋ ሰፋ ያለ ስልክ አወጣች። ያንን ጫፉ ያበጠውን ድንጋይ፣ ሆስፒታል የሰው ሆድ በሚያሳይ ዓይነት መሣሪያ አሳይታው ነበር፤ ሳይሰብሩት ውስጡን አነሱት። ሁለቱ ወንድማማቾች ራሳቸውን አስጠግተው አዩ። በጥቁር ላይ ነጭ አጥንት ነው፤ አንዱ እንደ ቡችላ ተጠቅልሏል፣ ሌላው ከጎኑ ተዘርግቷል።

"ይኼ የተጠቀለለው የቤቱ ባለቤት ነው። ጥፍሩ ከግድግዳው ጭረት ጋር ልክ ገጥሟል። ይኼኛው ግን ሌላ ወገን ነው። ራሱ ጠፍጣፋ፣ እግሩ አጭር፣ የውሃ ዳር እንስሳ። እንሽላሊትና እንቁራሪት ተጋብተው የወለዱት ይመስላል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሊቆፍር አይችልም።"

"ታዲያ ምን ይሠራል ሰው ቤት?" አለ ቻላቸው።

"ጎድኑን ይዩት።"

በጣቷ ምስሉን አሰፋችው። በአንድ ወገን ያሉት የጎድን አጥንቶች በረድፍ ተሰብረዋል። ስብራቱ ላይ እንደ ዛፍ ጉጥ ያበጠ ነገር አለ።

"የሆነ ነገር ረግጦት ይሆናል፣ ወይም ወድቆ። ግን ወዲያው አልሞተም፤ አጥንቱ መግጠም ጀምሮ ነበር። ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።"

አያ እንድሪያስ ከዘራቸውን ተደግፈው በጣም ተጠጉ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ወጌሻው ማን ነበር?" አሉ።

ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

"ይኼ ባለቤቱ…" አለ ቻላቸው። "ጥርሱ የሥጋ በል ነው።"

"ነው።"

"አልነከሰውም?"

"የጥርስ ምልክት የለበትም።"

"ለምን አላስወጣውም ታዲያ?" ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። ምሕረት ቀና ብላ አየችው።

"እሱን ድንጋዩ አይነግረንም ጋሼ። ያኔ በጋው ክፉ ነበር፤ አንዳንዶቹ እንስሳት ጉድጓድ ገብተው በጋውን በእንቅልፍ ያሳልፉ ነበር ብለን እናስባለን። ባለቤቱ ተኝቶ እንግዳው መግባቱን አላወቀ ይሆናል። ወይም አውቆ ተወው።"

"ተኝቶ ነው" አለ ቻላቸው ቶሎ ብሎ። "ጠባብ ነው ቦታው። ነቅቶ ቢሆን ያስወጣው ነበር።"

"አይ ቻሌ" አሉ አያ እንድሪያስ። ወንድማቸውን አላዩትም፤ ዓይናቸው ማዶ፣ ጉም የያዘው የአባይ በረሃ ላይ ነው። "ነቅቶ ነበር። የተኛ የመሰለው እንግዳው እንዳያፍር ብሎ ነው።"

"ይኼን ጽሑፌ ላይ አላስገባውም አባባ" አለች ምሕረት እየሳቀች።

"አታስገቢው። ለኛ ይበቃል።"

ቻላቸው መዶሻውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ጆሮው ድረስ ሞቀው። ማንኮራፋቱ የውሸት መሆኑን ያውቃሉ ማለት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ።

ምሕረት ግድግዳው ላይ ያለውን ድንጋይ ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ "እንዲህ ያለ ሲያገኙ በመዶሻ አይንኩት፣ ይደውሉልኝ" ብላ አደራ ሰጠች። ቻላቸው ቦርሳዋን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸክሞ ሸኛት። ሲመለስ አያ እንድሪያስ ተነስተው ቆመው ነበር።

ወደ ቤት ሲያቀኑ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ሽማግሌው ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፤ ሲቆሙ እሱም ድንጋይ ያየ መስሎ ይቆማል። በአንዱ ማረፊያ ላይ፣

"የዓባይነሽን ወንድም ዘመኑን ማክሰኞ ገበያ አገኘሁት" አሉ።

ቻላቸው መዶሻውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

"'እንግዲህ ወደ እኔ ሊመጡ ነው አሉ' አለኝ። ደግ ሰው ነው። ነገ ማለዳ ከሽንዲ ሚኒባስ አለ፤ እሄዳለሁ።"

"አያ፣ እኔ…"

"አንተ አትናገረው። ቀኑን ሙሉ አፍህ ላይ ሲመላለስ ሳይ እኔንም ደከመኝ።" ፈገግ አሉ። "እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ። እኔ መዳብነቱንም አልፌ ዝጌያለሁ። ሰብለ ወንድ ከወለደች በስልክ ንገረኝ፤ ሴት ከወለደች ግን ራስህ ቡሬ ድረስ መጥተህ ንገረኝ።"

"ለምን?"

"ሴት ነው የምፈልገው። ፊትህን እያየሁ ልስማው።"

ቻላቸው "አይሄዱም" ማለት ነበረበት። አላለም። ቀኑን ሙሉ ያስጨነቀው ነገር በሌላ ሰው አፍ ተነግሮ አልቆለት፣ ሸክሙ መቅለል ሲገባው ጭራሽ ባሰበት። እስከ ቤት ድረስ ከወንድሙ ኋላ ሄደ።

ማታ አያ እንድሪያስ ቶሎ ወደ ጓዳ ገቡ። ዓባይነሽ ምድጃው ዳር በዓይኗ ጠየቀችው።

"አውቀውታል" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ነገ እሄዳለሁ አሉ።"

እጇ ላይ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። "ቂም ያዙ?"

"ምነው ቂም በያዙ። ይቀልልኝ ነበር።"

ዓባይነሽ ስንቅ የሚሆን ዳቦ በጨርቅ ትጠቀልል ጀመር። ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። ቻላቸውም ስለ ጉድጓዱ አጫወታት፤ ስለ ባለቤቱ፣ ስለ እንግዳው፣ ስለ ተሰበረው ጎድን።

"ኋላ ዳነ?" አለችው።

"አልዳነም። ጎርፍ መጣባቸው። ሁለቱም እዚያው ቀሩ።"

"አብረው?"

"አብረው።"

እሳቱን ቆሰቆሰች። "ባለቤቱ ጥፍር አለው አላልክም?"

"አለው። ግድግዳው ሁሉ የጥፍሩ ጭረት ነው።"

"ታዲያ ከጠበባቸው ለምን አላሰፋውም?"

ቻላቸው ተነሳ። ወጥቶ አጥሩ ጥግ ቆመ። እዚያ የተጠረበ ድንጋይ ተከምሯል፤ ሽንዲ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው በማግስቱ ሊያስጭነው የተዋዋለበት ነው። ከጓዳው ጀርባ ደግሞ ቦታ አለ፤ ጌሾ የተተከለበት፣ አንድ ሰው ተዘርግቶ የሚተኛበትን ያህል፣ ምናልባት ትንሽ የሚተርፍ። ድንጋዩን አየ፣ ቦታውን አየ። ነገር ግን ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው፤ ግድግዳ በአንድ ቀን አይቆምም። አማቲቱ ሲመጡ የቤቱ ትልቅ ሰው ጥጆች መሃል ሲተኙ ያያሉ። ገብቶ ተኛ።

ጎህ ሊቀድ ሲል ጓዳው ውስጥ ጭድ ተንኮሻኮሸ። ቻላቸው ነቅቶ ነበር።

ዛሬ ጣሳ አልተመታም። በርጩማ አልወደቀም። አያ እንድሪያስ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጥቅላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ የማይታጠፈውን እግር እያነሱ እንደ ሌባ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ትናንት ማታ ዕቃውን ሁሉ ከመንገዳቸው አስወግደው ነበር ማለት ነው። ቻላቸው እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ማንኮራፋት ጀመረ። በሩ ተከፈተና የግንቦት ቀዝቃዛ አየር ፊቱን ነካው።

አንዴ ቢያንኮራፋ፣ ሌላ አንዴ ቢያንኮራፋ ነገሩ ያልቃል። ማንም አያፍርም።

ማንኮራፋቱን አቆመ።

በሩ ላይ ያለው ጥላም ቆመ።

"አያ።"

"ተኛ። ገና ነው።"

"አልተኛሁም።"

"አውቃለሁ" አሉ ሽማግሌው፣ በለሆሳስ።

"ዛሬ ድንጋዩ ሽንዲ አይሄድም" አለ ቻላቸው፤ እግሩን ከአልጋው አወረደ። "ከጓዳው ጀርባ ግድግዳ እናቆማለን። እኔ ጭቃ አቦካለሁ፤ ድንጋይ መራጩ አንቱ ነዎት።"

"ለቅዳሜ አይደርስም ቻሌ።"

"አይደርስም። እስኪደርስ ሁለታችንም ጥጆቹ ጋ ነን።"

"አማቲቱስ? ምን ይላሉ?"

"ይበሉ።"

ያን ጊዜ ከአልጋው ማዶ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ፍጹም ያልተኛ ሰው ድምፅ ተሰማ። "እኔም አልተኛሁም" አለች ዓባይነሽ። "ጌሾዬን ስትነቅሉ ሥሩን እንዳታበላሹት፤ ሌላ ቦታ እተክለዋለሁ። አሁን በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ።"

አያ እንድሪያስ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ጥቅላቸውን ከብብታቸው አወጡ፣ የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገባቸው፣ መሬት ላይ ጣሉት።

"ከውስጥ ይዝጉት አያ" አለ ቻላቸው።

ሽማግሌው ዞሩ። በሩን ገፉት፣ መቀርቀሪያውን ፍለጋ ግድግዳውን መዳበስ ጀመሩ። አጡት። አንድ ጣሳ መቱ፣ እየተንከባለለ ጋጣው ድረስ ሄደ፤ ጥጃ ጮኸ። ቻላቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ እስኪያገኙት ድረስ አያቸው።